ቻይናዊት አራስ ፊት የበረዶ ውሃ ከማስቀመጣችሁ በፊት

በውጭ አገር ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መኖሪያዎች ለምትሠሩ ሐበሻ የጤና ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የእናቶች ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ነርስ ከመሆኔ በፊት በአረጋውያን መኖሪያ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ብዙዎቻችሁም በዚሁ በር እንደገባችሁ አውቃለሁ። የሌሊት ፈረቃ፣ በላዩ ላይ ሌላ ፈረቃ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ዛሬ የምጽፍላችሁ በየቀኑ አልጋቸውን ስለምናነጥፍላቸውና ክኒናቸውን ስለምንሰጣቸው ቻይናውያን ስደተኞች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ነርስ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ቻይናዊት ሌሊት ወለደች። ደም ስለፈሰሳት ብዙ ፈሳሽ እንድትጠጣ ታዟል። እኔም እዚህ አገር እንደሚደረገው ትልቁን ኩባያ በረዶ ሞልቼበት ውሃ ጨመርኩና አጠገቧ አስቀመጥኩ። ስመለስ አልተነካም። በረዶው ቀልጦ ነበርና ለእሷ ያሰብኩ መስሎኝ በአዲስ በረዶ ቀየርኩላት። አሁንም አልነካችውም። መዝገቡ ላይ «ፈሳሽ አልወስድም ብላለች» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት አማቷ በፔርሙዝ ትኩስ ነገር ይዘው መጡ። ልጅቷ ሁለት ኩባያ ሳታርፍ ጠጣች። ሌሊቱን ሙሉ ተጠምታ ነው ያደረችው።

በጣም ያሳፈረኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ ራሴ ስወልድ እናቴ በሩ በተከፈተ ቁጥር «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይገባታል!» እያለች ነው የከረመችው። አጥሚቱ በፔርሙዝ፣ ገንፎው በቅቤ፣ ራሴ በነጠላ ተጠቅልሎ። ያኔ አንዲት ነርስ የበረዶ ውሃ ስታስቀምጥልኝ እናቴ ሰይጣን እንዳየ ሰው ነበር የደነገጠችው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ዩኒፎርሙን ስለብስ ግን ረሳሁት።

ቻይናውያን ከወሊድ በኋላ ያለውን ጊዜ «ዙዎ ዩዌዝ» ይሉታል። «ወሩን መቀመጥ» እንደማለት ነው። ወሩ ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያረዝሙም አሉ። ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም። ስትወልድ ደም ወጥቷል፣ ከደሙ ጋር የሰውነት ሙቀት ሄዷል፣ መገጣጠሚያዋ ሁሉ ክፍት ነው። በዚያ ክፍተት ነፋስ ከገባ በስተርጅና ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይሆንባታል ይላሉ። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጣም፣ እጇንም አትነክርበትም። አጥባቂ ከሆኑ ፀጉሯን አትታጠብም። መስኮት ይዘጋል፣ በሞቃት ቀን ካልሲ ይደረጋል። «ምች መታኝ» ብሎ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

አሁን ዋናው ነገር። «ቻይናዊ አራስ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ከቤት የሚመጣውን ምግብ ተመልከቱ፣ የሰውዬውን አገር ይነግራችኋል። ከጓንግዶንግ የመጡ ካንቶኖች ከሆኑ የአሳማ እግር፣ የቆየ ዝንጅብልና የተቀቀለ እንቁላል በጣፋጭ ጥቁር ኮምጣጤ ተቀቅሎ ይመጣል። ሽታው ኮሪደሩን ይሞላዋል። ከፉጂያን፣ ከፉጆ አካባቢ ከሆኑ ዶሮው በቀይ የሩዝ ወይን ነው። ሃካ የሚባሉት ሌሎች ቻይናውያንም ዶሮና ዝንጅብል በሩዝ ወይን ይሠራሉ። የታይዋን ሰዎች ዶሮውን በሰሊጥ ዘይት ያበስሉታል። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ደግሞ የእህል አጥሚት በቡናማ ስኳር፣ ከእንቁላል ጋር። ሁዪ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች ናቸው። ቋንቋቸው ቻይንኛ፣ መልካቸው እንደ ጎረቤታቸው፣ ግን አሳማ አይቀምሱም። «ቻይናዊ ስለሆንሽ ይህን ትወጃለሽ» ብላችሁ የአሳማ ሾርባ ብታቀርቡላት ምን እንደሚሰማት አስቡት። ቻይና በመንግሥት የታወቁ 56 ብሔረሰቦች አሏት። ሃን ከሚባሉት ከብዙኃኑ ሌላ ዊገሩ፣ ቲቤቱ፣ ሞንጎሉ፣ ሁሉም የራሱ ምግብና የራሱ መድኃኒት አለው።

ወይኑን በተመለከተ ምግቡን ከእጃቸው ቀምታችሁ አትጣሉ። ስታጠባ አልኮሉ ወደ ወተቱ እንደሚሄድ ንገሯት፣ ከዚያ አማቷን «ረጅም ሰዓት ይፍላ፣ ወይም ያለ ወይን ይሠራ» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። እኛም ለአራስ ጥቂት ጠላ የሚሰጡ እናቶች አሉን አይደል?

ደግሞ ሁሉም ይህን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ባለፈው አንዲት ወጣት ገና ከወሊድ ክፍል ሳትወጣ ሻወር ጠየቀችኝ፣ ከዚያ የበረዶ ቡና። እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እዚያ ክፍል ውስጥ የኔ ሥራ ከሁለቱ አንዷን ደግፎ መፍረድ አልነበረም። ሻወሩን ሞቅ አድርጌ አዘጋጀሁ፣ ፀጉሯን ወዲያው እንደምናደርቅላት ለእናትየው ነገርኳቸው። ይህ የአማትና የምራት፣ የእናትና የልጅ ጉዳይ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወሩ ለአንዳንዷ እረፍት ነው፣ ለአንዳንዷ እስር ቤት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ስትመረምሩ ቤተሰቡን ከክፍሉ አስወጥታችሁ ብቻዋን ጠይቋት።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። እዚህ ላይ በጣም እናደዳለሁ።

አንዴ በሠራሁበት አንድ ቦታ አንዲት ከሰማንያ በላይ የሆኑ እናት ደረታቸውን አሟቸው ገቡ። የስልክ አስተርጓሚ ተጠራ። ማንዳሪን፣ የቻይና መንግሥት ቋንቋ። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዶክተሩ ይጠይቃል፣ አስተርጓሚዋ ትናገራለች፣ እሳቸው ይነቀንቃሉ። «ሁሉም ገብቷቸዋል» ተብሎ ተጻፈ። ማታ የልጅ ልጃቸው መጣች፣ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። «አያቴ እኮ ቶይሳንኛ ነው የምትናገረው፣ አንድም አልገባትም» አለችን። ከዚያ ያችው ልጅ ስለ አያቷ ልብ፣ ስለሚገባው ቱቦና ስለ ሞት አደጋ እንድታስተረጉም ተደረገ። ፊቷ አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

ቶይሳን ጓንግዶንግ ውስጥ ያለ አካባቢ ነው። በ1869 የተጠናቀቀውን የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ ያገናኘ ባቡር ሐዲድ ከሠሩት ቻይናውያን ብዙዎቹ ከዚያና ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች የመጡ ነበሩ። ከዚያ በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ እስከ 1943 ቆየ። የድሮዎቹ ቻይና ታውን ሽማግሌዎች ቋንቋ ስለዚህ ማንዳሪን አይደለም። ቶይሳንኛ ለካንቶንኛ ተናጋሪም ያስቸግረዋል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ወደ ኒው ዮርክ በብዛት የገቡት የፉጆ ሰዎች ሌላ ቋንቋ አላቸው። ከቬትናም ጦርነት በኋላ የወጡ፣ ዘራቸው ቻይናዊ የሆነ ቬትናሞችም አሉ። መዝገባችን ላይ ቬትናማዊ ይባላሉ፣ የብዙዎቹ ቤት ግን ካንቶንኛ ይነገራል። የቻይንኛው ጽሑፍ አንድ ነው፣ ንግግሩ ግን አይገናኝም።

አስቡት እስቲ። ኦሮምኛ ብቻ ለሚናገሩ አያታችን «ኢትዮጵያዊ ናቸው» ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ቢመጣላቸው! ይህ ደግሞ ይደረጋል፣ ታውቃላችሁ። ስለዚህ «ቻይንኛ ይናገራሉ?» አትበሉ። «ቤት ውስጥ ከእናትዎ ጋር በምን ቋንቋ ያወሩ ነበር?» በሉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሕጉን እወቁት። አፎርደብል ኬር አክት በሚባለው የጤና መድን ሕግ 1557ኛ ክፍል መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅ ማስተርጎም የለበትም። ይህን ለአለቃችሁ መናገር ድፍረት አይደለም፣ ሥራችሁ ነው።

ፎርሙ ላይ ያለው «ኤዥያዊ» የሚለው ሳጥን ሌላው ጣጣ ነው። «ዘር ምን አገባን፣ ሰው ሁሉ አንድ ነው» የሚል ባልደረባ አለኝ። ልቡ ንጹሕ ነው። ግን አንዳንዴ ዘር ራሱ ሕይወትና ሞት ይሆናል። ካርባማዜፒን የሚባለውን ለሚጥል በሽታና ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳን እንደ ቃጠሎ ይልጣል፣ ይገድላልም። በ2004 የታይዋን ተመራማሪዎች ይህ አደጋ በሃን ቻይናውያን ላይ ከአንድ የዘር ምልክት ጋር በጥብቅ እንደተያያዘ አሳዩ። ምልክቱ ኤችኤልኤ-ቢ 1502 ይባላል። በ2007 ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ምልክቱ ሊኖርባቸው የሚችሉ ሰዎች ደም እንዲመረመር አሳሰበ። ምልክቱ በጃፓኖችና በኮሪያውያን ዘንድ ግን ብርቅ ነው። «ኤዥያዊ» የሚለው ሳጥን ይህን ሊነግራችሁ አይችልም። ስኳር በሽታም እንዲሁ። ቀጭን ናቸው ብላችሁ አትለፉ። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ለኤዥያውያን ምርመራው ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያሰላው መለኪያ (ቢኤምአይ) 23 ሲደርስ ይጀመር ይላል፤ ለሌላው 25 ነው።

በኔ ክፍል ደግሞ ጂ6ፒዲ የምንለው የቀይ ደም ሴል ኢንዛይም ጉድለት አለ። በደቡብ ቻይና ሰዎች ዘንድ በርከት ይላል። ጉድለቱ ያለበት ሕፃን በናፍታሊን ውስጥ የቆየ ልብስ ቢለብስ ቀይ ደሙ ሊፈርስ፣ ዓይኑ ቢጫ ሊሆን፣ አንጎሉም ሊጎዳ ይችላል። አያት ለዓመታት በሳጥን አስቀምጠው ያቆዩትን የአባቱን የሕፃንነት ልብስ ይዘው ሲመጡ ደስ ይላል፣ ግን በእርጋታ ጠይቁ፦ «ናፍታሊን ነበረው?» አንዳንድ ቤተሰብ ለሕፃን ወፍ በሽታ የሚሰጠው ሁዋንግሊያን የሚባል መራራ ሥርም አለ። እሱንም ጠይቁ።

ስለ ባህል መድኃኒት ስናወራ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «ጉድ ነው» ብሎ ይንቃል፣ ሌላው «ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል» ይላል። ሁለቱም ያሳስቡኛል። ለሚንቀው፦ አገር ቤት ወባ ሲይዘን የዋጥነው ኮአርተም ከየት መጣ? ቱ ዩዩ የተባሉ ቻይናዊት ከ1600 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ያለን አንድ መስመር ተከትለው፣ የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ቅጠል በ1972 ካወጡት አርቴሚሲኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። በ2015 ኖቤል ተሸለሙበት። ኢትዮጵያ ኮአርተምን ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ዋና መድኃኒት ያደረገችው በ2004 ነው። ስንቶቻችን በዚያ ቅጠል ነው በሕይወት ያለነው!

ተፈጥሮ አይጎዳም ለሚለው ደግሞ፦ ዳንግጉዪ የሚባለው ሥር በአራስ ሾርባ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ዳንሼን የሚባለው ለልብ ይወሰዳል። ሁለቱም ዋርፋሪን ከሚባለው የደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኙ ደሙን ከሚገባው በላይ ያቀጥኑታል። ከወለደች በኋላ ደሟ ረግቶ ዋርፋሪን የጀመረች እናት ቤት ሄዳ ያንን ሾርባ በየቀኑ ብትጠጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ለናንተ አልነግራችሁም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ የሆነውም አለ። ውፍረት ለመቀነስ የተዘጋጀ ክኒን ውስጥ ፋንግጂ የሚባል ሥር መግባት ነበረበት። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ተክል ገባ። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። እኛም በኮሶ ዓይኑ የጠፋ ሰው ታሪክ እየሰማን ነው ያደግነው።

ግን ማንም «የባህል መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል አዎ አይልም። እናቶቻችንም ለሐኪም አይናገሩም። ለቻይናዊቷ ሾርባው መድኃኒት ሳይሆን ምግብ ነው፣ ስለዚህ «አልወስድም» ስትል እየዋሸች አይደለም። «ቤት ምን ያፈሉልሻል? ማን ነው የሚያፈላው?» ብትሏት ግን ትነግራችኋለች። ማሰሮውን ራሱ አምጡት በሉ። ስሙን በቻይንኛ ፊደል ያስጽፉላችሁና ለፋርማሲው ስጡ።

ጀርባ ላይ ቀያይ መስመር ወይም ክብ ምልክት ስታዩም አትቸኩሉ። መስመሩ ጉዋ ሻ ነው፤ ቆዳው ዘይት ተቀብቶ በጠፍጣፋ ነገር ይፋቃል። ክቡ ዋግምት ነው። በቀንድ ሲደረግ አያቶቻችን ጀርባ ላይ ያየነው፣ እነሱ በብርጭቆ የሚያደርጉት። ልጅ ላይ ሲታይ ተደበድቧል ተብሎ ወላጅ የተከሰሰበት ጊዜ አለ። ልጅን መጠበቅ ግዴታችን ነው፣ እሱን ተዉ አልልም። ግን መጀመሪያ በአስተርጓሚ ጠይቁ፣ ከዚያ ያያችሁትን ጻፉ።

ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። በሕፃንነቱ የተያዘ ልጅ አሥር ቢሆን እስከ ዘጠኙ ቫይረሱን ዕድሜ ልክ ይዞት ይኖራል። ከዓመታት በኋላ የጉበት ካንሰር ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ቻይና ክትባቱን ለሕፃናት በሰፊው የጀመረችው በ1992 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ እናቶች አሁንም እኛ ጋ ይወልዳሉ። እናቲቱ ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባቱንና ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን የመከላከያ መርፌ ማግኘት አለበት። ፈረቃ ሲቀየር ይህ እንዳያመልጣችሁ፣ አደራ። ስትነግሯት ደግሞ በሹክሹክታ ንገሯት፣ አማቷ ፊት አትበሉ። አገሯ ቫይረሱ አለብህ ተብሎ ሥራ የተከለከለ፣ ትምህርት ቤት የተመለሰ ብዙ ሰው አለ። ቻይና ለሥራና ለትምህርት የሚደረገውን ያንን ምርመራ የከለከለችው በ2010 ነው። ከአንድ ሳህን በመብላት አይተላለፍም፤ ይህን ጮክ ብላችሁ ልትሉ ትችላላችሁ። ይህ የኛም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ክትባቱን ለሕፃናት የጀመረችው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁላችን ተመርምረናል? አሁን በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሲዲሲ ማንኛውም አዋቂ ቢያንስ አንዴ ይመርመር ይላል።

ካንሰር ሲገኝ ልጆች «ለእናታችን አትንገሯት» ይላሉ። ሐበሻም እንዲሁ ነው። ለመርዶ እንኳ ሰዓት የምንመርጥ ሰዎች ነን። እዚህ የታካሚው መብት ይበልጣል። እኔ የለመድኩት ውጤቱ ሳይመጣ አስቀድሜ እሳቸውን መጠየቅ ነው፦ «ውጤቱን ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ?» አንድ አባት በእጃቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱ። እሱም መልስ ነው። ይጻፍ።

አንዳንዶች ለምን ሆስፒታል ዘግይተው እንደሚመጡ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። በመጋቢት 1900 ሳን ፍራንሲስኮ ቻይና ታውን ውስጥ በቸነፈር (ፕሌግ) የሞተ ሰው ተገኘ ተብሎ ሰፈሩ በገመድ ተከበበ። ነጮች እንዲወጡ ተፈቀደ፣ ቻይናውያን ተዘጋባቸው። በግንቦት ደግሞ እንደገና፣ አጥሩ የነጮችን ሱቅ እየዞረ። ሰኔ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት አስቆመው። በሽታው እውነት ነበር፣ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ሰው ግን በሽተኛውን ደበቀ። የጤና ሠራተኛ ሲመጣ ገመድ ይዞ እንደመጣ ነበር የሚቆጠረው። በዚያው ዘመን የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ፣ በ1925 የቻይኒዝ ሆስፒታልን አቆሙ። ብሩስ ሊ በ1940 የተወለደው እዚያ ነው። እዚያው ከተማ በ1971 ኦን ሎክ የሚባለው የአረጋውያን አገልግሎት ተጀመረ፤ አረጋዊ በሠፈሩ፣ በቋንቋውና በምግቡ እንዲጦር። ፔስ በሚባለው የአረጋውያን እንክብካቤ ፕሮግራም የምትሠሩ ካላችሁ፣ መነሻው እሱ ነው።

አንድ የሚከብደኝ ነገር ልናገር። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ዓይኑ ጠበብ ያለን ሰው ሁሉ «ቻይና! ቻይና!» እያልን አድገናል። እዚህም በእረፍት ክፍላችን በአማርኛ «የ12 ቁጥሯ ቻይና» ስንል እሰማለሁ። ሴትየዋ ፊሊፒናዊት ናት። ቋንቋችን ስለማይገባቸው የማይሰሙን ይመስለናል። «ቻይና» የሚለው ቃል ግን በአማርኛም ያው ቻይና ነው። ስማቸውን ጠይቀን እንጥራቸው። እኛ እኮ ስማችን ሲበላሽ እንከፋለን።

እኛ ክፍል አሁን እናት ስትገባ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «ውሃ ቀዝቃዛ ነው ሙቅ?» የሚል ነው። ለሁሉም ይጠየቃል፣ ለሶማሌዋም፣ ለሜክሲኳዊቷም፣ ለኛም። ከሱ ሥር የቤት ቋንቋ፣ ቤት የሚፈላው ነገርና ውጤቱ ለማን ይነገር የሚሉት ተጨምረዋል። ወረቀቱን ለማስፈቀድ ስምንት ወር ፈጀብን፣ የሙቅ ውሃ ፔርሙዙን ለማስገዛት ደግሞ ሁለት ስብሰባ። የናንተ ክፍል ከሌለው በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ። ብቻዬን ነኝ ብላችሁ አትፍሩ፤ እኛም ስንጀምር ሁለት ነበርን፣ እኔና አንዲት የፉጆ ልጅ የሆነች ፅዳት ሠራተኛ።

ከአክብሮት ጋር፣
በኦክላንድ የእናቶች ክፍል የምትሠራ እህታችሁ